ባዶው የጉሎ ግንድ

«ልጅህን ለልጃችን» ብለው የመጡት ሽማግሌዎች እሺ ካልተባሉ አይቀመጡምና ፀሐይ ላይ ቆመው ነበር። አባትየው ከአጥሩ ጥግ የጉሎ ግንድ ቀጭ አድርጎ ሰበረና ውስጡን አሳያቸው። «ይኸውላችሁ የእናንተ ልጅ! በአንድ ክረምት ቤት ያክላል፤ ቅጠሉን እንደ ለማኝ እጅ ይዘረጋል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ፍየል እንኳ ንቃው ነው የምታልፈው!»

ይህን ሲል የደረቀ አንድ እሾሃም ፍሬ ጧ ብሎ ፈነዳ። መዥገር የመሰለው ዘር እግሩ ሥር ወደቀ። «ዘሩም ያው መርዝ ነው» አለና በጫማው ደፈጠጠው።

ልጅቷ አግዳሚ ወንበር ይዛ ከቤት ወጣች። ሽማግሌዎቹ ፊት አስቀመጠችና ከገና ወዲህ ከላይዋ ያልወረደውን ጋቢ ገፈፈችው። ሆዷ ገፍቷል።

«አባየ፣ መርዝ ያልኸው ስድስት ወር ሞላው» አለች።

ሽማግሌዎቹ ሳይፈቀድላቸው ተቀመጡ።