የእትዬ ዘርፌሽዋል ቅቤ

ከተማው የሚሸተውን ወንዝ ከማጽዳት የነዋሪውን አፍንጫ መዝጋት ይቀላል ብሎ፣ ማሽተት በምታጠፋ አንዲት የመድኃኒት ጠብታ የሁሉንም ከዘጋው ስምንት ዓመት ሆኖታል። የእትዬ ዘርፌሽዋል ተከራይ ይትባረክ ግን አፍንጫውን በቅርቡ ሐኪም ዘንድ አስከፍቷል። «ክፍሉ ይሸታል» ብሎ አቤቱታ ሲጽፍላቸው እትዬ እንደ ስድብ ቆጠሩት።

«አራት ልጅ ያሳደግኩበት ክፍል ነው የሚሸትህ?» አሉ፣ ገና ደጃፉን ሳያልፉ።

«ኧረ እትዬ፣ ክፍሉስ አይደለም።»

«ታዲያ ማን ነው? እኔ ነኝ?»

መልሱን ሳይጠብቁ ገቡ። አልጋውን ገፍተው ሥሩን አዩ፤ ምንም የለም። ቁምሳጥኑን ሲከፍቱ የገዛ ሳህኖቻቸው ተደርድረው ጠበቋቸው። በየእሁዱ «ቅመስ» እያሉ የላኩለት ዶሮ ወጥ ሳይነካ ሻግቷል።

«አልበላኸውም?»

«ቅቤው የተበላሸ ነው፣ እትዬ። እንዳልመልሰው ይሉኝታ ያዘኝ፤ እንዳልደፋው ሰው ያየኛል። በቃል ለመንገር አፍሬ ነው የጻፍኩት፤ መጥተው ራስዎ ቢያዩት ብዬ።»

እትዬ ዘርፌሽዋል አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ሰፈሩ ለሠርግ ወጥ የሚጠራው እሳቸውን ነበር። ገበያ ላይ ቅቤ አሽትቶ መግዛት ከቀረ ወዲህ በመልኩ ነው የሚመርጡት።

«ልጆቼ ግን በየእሁዱ ጣታቸውን እየላሱ ነው የሚበሉት።»

«የእነሱም አፍንጫ ዝግ ነዋ።»

እትዬ ሳህኖቹን አንድ በአንድ ደራርበው አቀፉና ተነሡ።

«ቅዳሜ ገበያ አብረኸኝ ትወርዳለህ፤ ቅቤውን አሽትተህ ትመርጥልኛለህ» አሉ ከበሩ። «ልጆቼ ፊት ግን ትንፍሽ እንዳትል።»