አምስተኛው የጸባይ ዋንጫ

ወንዴ ላሊበላ ውስጥ የስፖርት አስተማሪ ነው። የሚያሠለጥነው የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን በአራት ዓመት አራት ዋንጫ አምጥቷል። አራቱም የጸባይ ዋንጫ ናቸው። የጸባይ ዋንጫ ተሸንፎ ያልተሳደበ ቡድን የሚሸለመው መሆኑን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ወንዴ ራሱ የዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቶ ዋንጫዎቹን መደርደሪያው ላይ ሲያያቸው «የአራት ዓመት ሽንፈቴ፣ በወርቅ ቀለም» ይላል።

«ማሸነፍማ ማንም ያሸንፋል፤ ቁም ነገሩ አሳምሮ መጫወት ነው» ይላቸዋል ልጆቹን። ወደ ቅርጫቱ ከመወርወር በፊት አምስት ቅብብል። ዳኛ ቢሳሳትላችሁ እንኳ እውነቱን ተናገሩ። ይህ ትምህርት ከየት እንደመጣ ግን እሱ ያውቃል። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ቁልቁለት ላይ ነው። ከሩቅ ተወርውራ የሳተች ኳስ ገደሉን ይዛ ትወርዳለች፤ ያለችውም ኳስ አንድ ናት። አምስት ቅብብል የተፈለሰፈው ወንዴ ኳስ ፍለጋ መውረድ ስለሰለቸው ነው። ፍልስፍና ያደረገው በኋላ ነው።

በ1995 ዓ.ም. ፍልስፍናው ተናጋ። በዚያ ዓመት የዞኑን ውድድር ያሸነፈ ቡድን አሠልጣኝ ወደ ፈለገው ትምህርት ቤት እንዲዛወር ይፈቀድለታል ተባለ። የወንዴ ሚስት ምሥራቅ ወልድያ ነው የምታስተምረው። ወንዴ በየዓመቱ የዝውውር ማመልከቻ ያስገባል፤ በየዓመቱ መልስ የለም። ልጃቸው ሙሉዬ በክረምትና በፋሲካ ብቻ የምታየውን አባቷን «እንግዳው መጣ» ትላለች።

ለተጫዋቾቹ አልነገራቸውም። አራት ዓመት ሙሉ ማሸነፍን ሲያጣጥል ኖሮ በምን አፉ ይንገራቸው። ልምምዱን ብቻ እጥፍ አደረገው፤ አምስቱን ቅብብል ደግሞ ወደ ሁለት ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ሦስቱስ የት ሄዱ?» አለችው አምበሏ የሺሃረግ።

«ዘመኑ ነው» ብሎ አለፋት።

ውድድሩ ወልድያ ነበር። ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍጻሜ ደረሰ፤ ተጋጣሚው የኮን ከተማ ቡድን ሆነ። በፍጻሜው ዕለት ጠዋት ልጆቹ ሻይ ሲጠጡ የኮኑ አሠልጣኝ ሙሉሃብት በአጠገባቸው አለፈ።

«በርቱ እንግዲህ» አላቸው እየሳቀ። «ዛሬ ካሸነፋችሁ አስተማሪያችሁ ወልድያ ተዛወረ ማለት ነው። ሚስቱ ዘንድ።»

ልጆቹ አልሳቁም።

«እውነት ነው፣ ጋሼ?» አለች ከተጫዋቾቹ አንዷ ፋና።

«ወሬ ነው። እናንተ ብቻ ጨዋታችሁን አሳምሩ» አላት ወንዴ። መዋሸቱ ያስታውቅበት ነበር። ከአራት ዓመት ሽንፈቱ ይልቅ ያፈረው በዚህ ነው፤ ሰባኪው ማሸነፍ እንደሚፈልግ ልጆቹ አወቁበት።

ምሥራቅ ሙሉዬን ታቅፋ ከተመልካቹ መሐል ተቀምጣለች። ፋና ስታ የማታውቀውን ዓይነት ኳስ ስድስት ጊዜ ሳተች። ወንዴ ድንጋጤ ነው አለ። ደግነቱ የኮን ልጆች ከዚያም የባሱ ነበሩ። ላሊበላዎች ሃያ ሁለት ለሃያ አንድ እየመሩ አሥር ሰከንድ ሲቀር ኳሷ መስመር አልፋ ወጣች። ዳኛው የላሊበላ ናት ብሎ እጁን ዘረጋ። ወንዴ በሐሳቡ ዕቃውን መጫን ጀመረ፤ አልጋውን ለማን እንደሚሸጥ ሳይቀር ወሰነ።

ይኼን ጊዜ የሺሃረግ እጇን አወጣች።

«እኔን ነክታ ነው የወጣችው» አለችው ዳኛውን።

ዳኛው ግር አለው። «እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ኳሷ ለኮን ተሰጠች። የኮኗ ልጅ ስትወረውር ከላሊበላ ልጆች አንዷም ልትከላከል አልዘለለችም። ኳሷ ገባች፤ ፊሽካ ተነፋ።

ምሥራቅ ሜዳው በር ላይ አገኘችው። «ጨዋታችሁ ያምራል» አለችው። ሙሉዬ «እንግዳው ሊሄድ ነው?» ብላ እናቷን ጠየቀች።

አምስተኛውን የጸባይ ዋንጫ ይዘው ተመለሱ። ልጆቹ ከወልድያ እስከ ላሊበላ ሲዘፍኑ ነበር። ወንዴ ከሹፌሩ ጀርባ ዋንጫውን ታቅፎ ተቀምጧል። ሽንፈት ምንም አይደለም ብሎ እንዲህ አሳምሮ ያስተማረበትን ቀን ይረግማል።

በማግስቱ ግምገማ ተጠራ። ዳይሬክተሩ ወልደ ኪዳን ስብሰባውን ከፈቱ፤ መምህራኑ በየተራ ሂስ ሰነዘሩ። የእጃችንን ዋንጫ ያስነጠቀችን የሺሃረግ ናት ተባለ። ከኮን ሰዎች ጋር ሳትነጋገር አልቀረችም ያለ አለ። ትቀጣ ያለም አለ።

ወንዴ ተነሣ።

«ግለ ሂሴን ላቅርብ» አለ። «አራት ዓመት ማሸነፍ ከንቱ ነው ብዬ ሰበክሁ። ዘንድሮ ዝውውር ስላማረኝ ማሸነፍም አማረኝ፤ ከአምስት ቅብብል ወደ ሁለት ወረድሁ። ልጅቷ ያደረገችው ያስተማርኋትን ነው። የተናገርሁትን ያመነ አንድ ሰው ቢኖር እሷ ናት። እኔ እንኳ አላመንሁትም። የሚቀጣ ካለ እኔ ልቀጣ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ወልደ ኪዳን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። የሺሃረግ ሰኞ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ፣ ተማሪው ሁሉ ባለበት፣ በእውነተኛነቷ እንድትመሰገን ተወሰነ። ወንዴ ሲወጣ ደረቱን ነፋ አድርጎ ነበር። ወልድያን ቢያጣም አንድ ሰው አስተምሯል።

የሺሃረግ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ውሳኔውን ሲነግራት መሬት መሬት አየች።

«ጋሼ፣ ሰልፍ ላይ አያስመስግኑኝ።»

«ለምን? እውነት መናገር ያሳፍራል እንዴ?»

«ኳሷ እኔን አልነካችኝም» አለች። «እንዳይሄዱብን ተማክረን ነው።»