አልቀመጥ ያሉት ሽማግሌዎች

በገበያ ቀን ጠዋት፣ አባት የሽንኩርቱን ከረጢት ልጁን ትርንጎን ሊያሸክማት ሲል ሦስት የመንደሩ ሽማግሌዎች ነጫጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጁ ላይ ደረሱ። ግቡ ሲላቸው ገቡ፤ ተቀመጡ ሲላቸው ግን እንደ ቆሙ ቀሩ።

አባት ነገሩ ወዲያው ገባው። ሽማግሌ ቤት ገብቶ አልቀመጥም ካለ ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቅ ነው።

«አባቶቼ፣ አትድከሙ» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «የፈለገው ሰው ቢልካችሁ ልጄን አልሰጥም። ትርንጎ ገና ሰባተኛ ክፍል ናት። እኔ በሕይወት እያለሁ ከትምህርቷ አንድ ቀን አትቀርም።»

«አንድ ቀን?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«አንድም ቀን። በእናንተ ፊት እምላለሁ።»

አስማሉት። ከዚያ እርስ በርስ ተያዩና ተቀመጡ።

«እንግዲህ ጉዳያችን አለቀ» አሉ ትልቁ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «የላከን የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ነው። በገበያ ቀን ልጅህን ክፍል ውስጥ አይቷት አያውቅም።»

ትርንጎ ደብተሯን ልታመጣ ወደ ጓዳ ሮጠች። ሽማግሌዎቹም ተነሡና ከረጢቱን ተጋግዘው አባትን አሸከሙት።