የሚቀሩት መጻሕፍት

«ፊደል ያልቆጠረች ስለ መጽሐፍ ምን ታውቃለች?» እየተባለ አሮጊቷን ማንም አላማከራትም። የልጅ ልጇ ሐመልማል የምትሳሳላቸውን የጭራቅና የዘንዶ መጻሕፍት ለጎረቤት ስታድል ሰንብታ ሦስት ብቻ አስቀረች። አሮጊቷ ፈራች፤ የሚወደውን የሚበትን ሰው መንገድ አስቧል።

«ዓረብ አገር ልትሄጂ ነው አይደል? አትዋሺኝ!»

«የትም አልሄድም፣ እማማ። ሁሉንም ደግሜ አንብቤ ነው እነዚህን የመረጥኩት።»

«እንግዲያው አንብቢልኝ፤ እኔም ልፍረድ።»

ልጅቷ አንዱን ገልጣ፣ ዘንዶው ጨረቃን እንዴት እንደዋጠ ጥርት ባለ ድምፅ ታነብላት ጀመር። አሮጊቷ ፊደል ባትለይም ሥዕል ትለያለችና አንገቷን አስግጋ አየች። ገጹ ላይ ዘንዶም ጨረቃም የለም፤ አንዲት ንግሥት ተሞሽራ ትስቃለች። ልጅቷ ገጹን ገለጠች። ሥዕሉ አሁንም ሠርግ ነው፤ በልጅቷ አፍ ግን ዘንዶው ከጨረቃዋ ጋር ይታገላል።

አሮጊቷ ትንፋሿን ውጣ፣ መዳፏን በመጽሐፉና በልጅቷ ዓይን መካከል ዘረጋች።

ንባቡ አልተቋረጠም።



«ሐመልማል! ዝጊው!» ብላ ጮኸች። «ቀና በይና የሻሼን ቀለም ንገሪኝ!»