ምሰሶው ጋ ያለው ውሃ

ታናሽየው ሸሚዙን እንኳ ሳያወልቅ ሐይቁ ውስጥ ገባ። የማለዳ ውሃ ነው፤ ገና ቁርጭምጭሚቱን ሲነካው ቅዝቃዜው ጥርሱ ድረስ ተሰማው። ታላቅ ወንድሙ ከዳር ቆሞ እያየው ስለሆነ ግን ፊቱን አላጨማደደም።

«አሁን ምሰሶው ጋ ሄጄ እቆማለሁ» አለ ወደ ኋላው ሳይዞር። «ያኔ ሰጥመህ ነበር የምትለኝ ቦታ ላይ።»

«ሂዳ! ማን ያዘህ?» አለ ታላቅየው።

ነገሩ የተነሣው ሐይቁ ዳር ከተከራዩአት ጎጆ ደጃፍ ሻይ ሲጠጡ ነው። ሁለቱም አናጢዎች ናቸው፤ አንድ ሥራ ቤት ውስጥ፣ ከአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ቆመው ሽበት አብቅለዋል። ለሁለት ቀን እረፍት ወጥተውም ታላቅየው ሥራውን አልተወም። ትናንት ከደረሱ ጀምሮ የጎጆዋን የሳንቃ በር እየከፈተ እየዘጋ «ይህን የገጠመ ሰው ከእንጨት ጋር ቂም ነበረው» ሲል ነው የዋለው። ሜትሩ እዚህም ኪሱ ውስጥ ነው።

ታናሽየው የራሱን ሥራ ቤት ሊከፍት ነው። ይህን ለመናገር ስንት ወር አምጦ፣ መጋዙና መዶሻው መሀል አልሆንልህ ቢለው፣ ውሃ ዳር ይቀለኝ ይሆናል ብሎ ወንድሙን እዚህ ድረስ አመጣው። ዛሬ ጠዋት ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ተነፈሳት።

ታላቅየው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን እንዳትጥል» አለ መጀመሪያ። ቀጥሎ፣ ታናሽየው እንደፈራው፣ በአገጩ ወደ ሐይቁ ጠቆመ። «ከዚህ ውሃ ማነው ያወጣህ?»

ይቺ ጥያቄ ናት ታናሽየውን ያሳደገችው። ትምህርቱን ትቶ መጋዝ የጨበጠው በሷ ነው። ሠርጉ ላይ እንግዳው ሁሉ እየሰማ ተተርካለች፤ ከሚስቱ ሲጋጭ ተጠቅሳለች። ደንበኛ ፊት «ይሄን ልጅ ከሞት አፍ ነው የነጠቅሁት» በተባለ ቁጥር እሱ አንገቱን ደፍቶ መላጊያውን ይገፋል። በሕይወት መኖር ውለታ ከሆነ ደግሞ በየቀኑ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

«ጋሼ፣ ያ ውሃ እኮ ሰው አያሰምጥም!» ብሎ ብድግ አለ። እንዲህ ሲመልስለት የመጀመሪያው ነው።

የታላቅየው ሚስት በመስኮት ብቅ ብላ «እናንተ፣ ቅያሪ ልብስ ይዛችኋል?» አለች።

ምሰሶው ጀልባ የሚታሰርበት ያረጀ ግንድ ነው፤ ከዳር ብዙም አይርቅም። ታናሽየው ደረሰና ያዘው። ጭቃው እግሩን ያዝ ለቀቅ ያደርገዋል። ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ውሃው ደረቱ ላይ ቀረ።

«ይኸው!» ብሎ ጮኸ። «ደረቴን አላለፈም! ይህን ሁሉ ዘመን አንገቴን የደፋሁት ለዚህ ነው?» ድምፁ ተሰበረ። ደስታ ይሁን ንዴት ለራሱም አልለየለትም።



«አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ ስልህ አልነበር?» አለ ታላቅየው ከዳር፤ ሥራ ቤት ውስጥ እንደሚናገረው ነው የተናገረው። «ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርክ። አናትህ እምብርቴ ጋ ነበር የሚደርሰው። ተንበርከክና ለካ።»

ተንበርከክ መባሉ ደሙን አፈላው። ግን አናጢ ነው፤ ልክ ልክ ነው። ጉልበቱን አጠፈ።

ውሃው አገጩን፣ አፍንጫውን፣ ዓይኑን አልፎ አናቱ ላይ ገጠመ። ታች ድምፅ የለም። ዓይኑን ሲከፍት አረንጓዴ ብርሃን ብቻ ነው የሚታየው፤ ምሰሶው እንኳ ጥላ ሆኗል። ለካ እውነት ነው፣ አለ በልቡ። ሰጥሜ ነበር። ከዚህ ወጥቶ የሚናገረው ቃል ስለጠፋው እዚያው ትንሽ ቆየ።

ድንገት ሸካራ እጅ አንገትጌውን ይዞ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ነቀለው። ታላቅየው ከነጫማው፣ ከነሜትሩ ገብቶ አጠገቡ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ ምንም አልሆንኩም። እየለካሁ እኮ ነው።»

«አትለካ! በቃ፣ አትለካ!» ትንፋሹ ተቆራርጧል። «ክፈት። ሥራ ቤትህን ክፈት። ብቻ ከዚህ ውሃ ውጣልኝ።»

ታናሽየው ይህ ሰው ሲፈራ አይቶት አያውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ በተተረከው ታሪክ ውስጥ፣ አዳኙም ያኔ ልጅ እንደነበረ፣ እንደፈራም አንድ ቀን እንኳ አልተነገረም ነበር።

ወደ ዳር መራመድ ጀመሩ። ውሃው ከወገባቸው ዝቅ ሲል ታላቅየው ቆመና ወደ ታች አየ። አንድ ጫማውን ጭቃው አስቀርቶበታል።

«ተወው» አለ።

«ቆይ፣ እኔ አወጣዋለሁ።»

ታናሽየው ጉንጩ ውሃውን እስኪነካ ጎንበስ ብሎ ክንዱን እስከ ትከሻው ከተተ። በጣቶቹ ጭቃውን ሲያስስ ሸሚዙ ከኋላው ጥብቅ አለበት። ታላቅየው ጫፉን በሁለት እጁ ይዞታል።