ሐሙስ ሐሙስ የምትለግም ፀሐይ

በሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጠችው ባለሙያ ሥራዋ የፀሐይ ጨረር መገመት ነው። ጨረሩን በቀጥታ የሚለካው መሣሪያ ያላቸው ጣቢያዎች በጣት ይቆጠራሉ። ለሌሎቹ ከቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ላይ ዝቅተኛውን ትቀንሳለች። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይም እንደ ልቧ ስታቃጥል ውላለች ማለት ነው። ከጠበበ ደመና ነበር። የቀረውን ቀመሩ ይጨርሰዋል።

ሰኞ ጠዋት ዓይኗ አንድ ሩቅ ጣቢያ ላይ አረፈ። እዚያ አገር ፀሐይ ሐሙስ ሐሙስ ትለግማለች።

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ወደ ኋላ እየሄደች አየች። አምስት ዓመት ሙሉ፣ በበጋም በክረምትም፣ ሐሙስ ሲደርስ ልዩነቱ ይጠባል። ቁጥሮቹ ለየብቻ ሲታዩ እንከን አይወጣላቸውም። ከፍተኛው ትንሽ ዝቅ፣ ዝቅተኛው ትንሽ ከፍ ይላል፣ በቃ። ጉዱ የሚወጣው ሲቀናነሱ ነው።

አለቃዋ ወረቀቱን ገፋ አድርጎ፣ "የጣቢያው ሰውዬ ሐሙስ ሐሙስ ቤቱ ተኝቶ ቁጥር ይፈጥራል" አለ። "ሄደሽ አረጋግጪ። እውነት ከሆነ ሪፖርት ጻፊና ይሰናበታል።"

"ጡረታ ሊወጡ እኮ አራት ወር ነው የቀራቸው።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

ሐሙስ ጠዋት፣ መምጣቷን ለጣቢያው ሳታሳውቅ፣ ከአውቶቡስ ወረደች። አንድ ልብስ ሰፊ የጣቢያውን ሠራተኛ የት እንደምታገኝ ስትጠይቀው ከስፌት መኪናው ላይ ቀና እንኳ አላለም።

"ዛሬ ሐሙስ አይደል? ፀጉር ቤት ዳማ ይጫወታሉ። እሳቸውን የሚያሸንፍ አልተገኘም።"

ባለሙያዋ ከፋት። አለቃዋ ትክክል ሲሆን ደስ አይላትም።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ከረባት ያሰሩ አዛውንት ፀጉር አስተካካዩን ድባቅ እየመቱት ነበር። ሦስት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሰዓታቸውን አይተው ጨዋታውን እንዳለ ጥለው ተነሡ። እሷም ማንነቷን ሳትናገር፣ ጣቢያውን ማየት እንደምትፈልግ ብቻ ነግራቸው ተከተለቻቸው። ደስ አላቸው። መንገዱን ሁሉ ስለ ነጩ የእንጨት ሳጥን፣ በውስጡ ስላሉት ቴርሞሜትሮችና እዚያ ጎጆ ለመሥራት ስለምትታገል ወፍ አወሩላት።

ሳጥኑን ከፈቱ። ባለሙያዋ በትከሻቸው በኩል አጮልቃ አነበበች፤ ዝቅተኛው አሥራ አንድ ዲግሪ። አዛውንቱም በጥንቃቄ አነበቡ። ከዚያ ቅጹ ላይ፣ እያየቻቸው፣ ባማረ የእጅ ጽሑፍ "14" ብለው ጻፉ።

"አባባ፣ ሦስት ጨመሩበት።"

"ጨመርኩበት እንዴ?"

"እኔ ከዋናው መሥሪያ ቤት ነኝ።"

አዛውንቱ ቀስ ብለው ክዳኑን ዘጉ። "ሐሙስን አይተሽው ነው?"

"ስቀንሰው ጊዜ ታየኝ።"

"ስትቀንሺው" አሉ፣ ቃሉን እንደ ከረሜላ አፋቸው ውስጥ እያገላበጡ። "ሌላ ያየ ሰው አለ? ወይስ አንቺ ብቻ ነሽ?"

ጥያቄው ልመና መሰላት፤ አንጀቷን በላት። አዛውንቱን ወዳቸዋለች፤ ይህን ሥራዋን ግን በዚያች ደቂቃ ጠላችው።

"ያየሁትስ እኔ ነኝ፤ ግን ለአለቃዬ ነግሬያለሁ። ሪፖርቱን ካልጻፍኩ እኔም አልተርፍም፣ አባባ። ከጻፍኩ ደግሞ ያባርሩዎታል። ለምን እንዲህ አደረጉ?"

"ነይ ግቢ፤ ቆሞ አይወራም።"

ቢሯቸው አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነበር። ከመሳቢያቸው ጥቁር ደብተር አውጥተው ሰጧት። አገላበጠችው። የአምስት ዓመት ሐሙሶች በሙሉ፣ አንድም ሳይጎድል፣ እስከ ነጥቧ ተጽፈዋል። ትክክለኛዎቹ ናቸው። በጭንቅላቷ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች ቀናነሰች፤ ልዩነቱ ሰፋ፣ ፀሐይ ወጣች።

ከዚያ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰች። ከአምስት ዓመት በፊት በማስመሪያ የተሰመረ ቅጽ ነው፤

የምርመራ ሪፖርት።
ተመርማሪ፦ ዋናው መሥሪያ ቤት።
ምርመራው የተጀመረበት ቀን፦ ሐሙስ።
የምንልከውን የሚያነብ ሰው የተገኘበት ቀን፦

አዛውንቱ መነጽራቸውን አስተካክለው ባዶው ቦታ ላይ የዛሬውን ቀን ጻፉ።