የመጨረሻው ስልክ እስኪጮህ

«ሁለተኛ እዚህ ስልክ ላይ እንዳይደወል!» ብሎ ጮኸ ቨርነን ስተኪ፤ ዘጋውና ወደ ፓንኬኩ ተመለሰ። «የመኪና ዋስትና ሻጮች ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ ሦስተኛቸው። ሄሎ ብትላቸው እንኳ ዝም ነው የሚሉት።»

ጠረጴዛው ዙሪያ የነበርን ሁሉ ማኘካችንን አቆምን።

እዚህ የእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ የተሰበሰብነው ልጆቻችን ባሕር ኃይል ማሰልጠኛ የገቡብን ወላጆች ነን። ዘጠኝ ሳምንት ስልካቸው ተወስዶባቸው በደብዳቤ ብቻ ኖረናል። የመጨረሻውን ፈተና ሌሊቱን ሙሉ ተፈትነው ያለፉት፣ በማግስቱ ጠዋት ለአንድ ሰው ለጥቂት ደቂቃ ይደውላሉ። የሚሉትም አንድ ነገር ነው፦ «መርከበኛ ሆኛለሁ።» ደንባችን የመጨረሻው ስልክ ሳይጮህ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም ነው። ዛሬ ስድስት ስልክ ጮኾ ስድስት ወላጅ አልቅሷል። የቀረነው እኔና ቨርነን ነበርን።

ሰብሳቢያችን ጆሊን ስልኩን ከፊቱ አንስታ ቁጥሩን አየች። «ቨርነን» አለች ቀስ ብላ፣ «ይሄ ከኢሊኖይ ነው። ከማሰልጠኛው ነው።»

«ዝም ነው ያለኝ እኮ!»

«መስመሩ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ዝም ይላል! እስከ አምስት ቁጠር ብለን ስንቴ ነገርንህ?»

መልሶ ደወለ። ወደዚያ ስልክ ደውሎ ማግኘት አይቻልም፤ ይህንንም ነግረነዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፊቱ እንደ ሊጥ ነጣ። ላዝንለት ይገባ ነበር፤ አላዘንኩለትም። ደሜ ፈላ።

ይሄ ሰውዬ፣ ልጁ ዴላኒ ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ስለነበር የወላጅ ፈቃድ ፈርምላት ሲባል እምቢ አለ። ከእሱ ተለይታ ሌላ ከተማ የምትኖረው እናቷ ናት የፈረመችላት። ልጅቷ ማሰልጠኛ ከገባች ወዲህ አንዲት መስመር አልጻፈላትም። እኛ ደግሞ ከቤታቸው ደብዳቤ የማይደርሳቸውን ልጆች እንከፋፈላለን፤ ዴላኒ ለእኔ ደረሰችኝ። ስለ ውሻዋ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ በረዶው ስለሰበረው አጥር ስጽፍላት ከረምኩ። መልሷ ሁሉ የሚያልቀው በአንድ ጥያቄ ነው፦ «አባዬ ደህና ነው?» ለማን እንደምትደውል ምረጪ ስትባልም የመረጠችው እሱን ነው። እሱን!

«አንተ ሰውዬ» አልኩት፣ «ዘጠኝ ሳምንት ጆሮ ዳባ ልበስ ብለህ ከርመህ፣ አንዴ አፍህን ብትከፍት ይሄን አልካት?»

«አንቺን ምን አገባሽ? እናቷ ነሽ?»

«ደብዳቤ የጻፍኩላት እኔ ነኝ!»

«ማን ጻፊ አለሽ?»

«ሮንዳ፣ ተይው» አለች ጆሊን።

ሳህኑን ከነማሩ ራሱ ላይ ብደፋው ደስ ባለኝ። እጄን ሰድጄ ሳህኑን ይዤ ነበር፣ ስልኬ ሲጮህ።

አነሳሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠርኩ።

«እማ?»

የልጄ የኮልተን ድምፅ ጎርንኗል። ልጄ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«እማ፣ ቆይ አንዴ። አቶ ስተኪ እዚያ አሉ እንዴ? ዴላኒ አጠገቤ ናት። አባዬ ሁለተኛ እንዳይደወል አለኝ ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ተራዋ አልፏል፣ ሌላ አይፈቅዱላትም።»

ቨርነንን አየሁት። ይህቺ ስልክ የኔ ናት። ዘጠኝ ሳምንት ገላዬን ስታጠብ እንኳ ከእጄ አልለየኋትም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አላጠፋኋትም። እሱ በገዛ አፉ ላበላሸው እኔ ለምን ልክፈል?

«ስልኩን ስጣት» አልኩ።

«እማ፣ የቀረኝ ሦስት ደቂቃ ነው። ገና እኮ አልነገርኩሽም—»

«ስጣት አልኩህ!»

በዘጠኝ ሳምንት ውስጥ ለልጄ ያሰማሁት ድምፅ ይኸው ጩኸት ሆነ። ለዚህም ጭምር ቨርነንን ጠላሁት።

ስልኩን ደረቱ ላይ ገፋሁለት። «እንካ! ይሄንን ብትዘጋ በዚህ ሹካ ነው የምወጋህ።»

በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ጆሮው ላይ አደረገው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ እየቆጠረ ነበር። አምስት ላይ ሲደርስ «ዴሊ» አለ።

«ዴሊ፣ እኔ ነኝ። ላንቺ አልነበረም። ላንቺ አልነበረም ልጄ፣ ለሻጮቹ ነው።» አዳመጠ። «አዎ። አልፈረምኩም፣ አዎ። ፈርቼ ነው።» ደግሞ አዳመጠ። «ጽፌ ነበር። እየጻፍኩ ነው የምቀደው። ... ሰማሁሽ። መርከበኛ ሆነሻል። ሰማሁሽ፣ አንቺ ልጅ፣ ሰማሁሽ።»

የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ነበር። የኔ ደቂቃዎች አንድ በአንድ እሱ ጆሮ ውስጥ ገቡ።

በመጨረሻ ቀጥ ብሎ ቆመ። «አቤት? እሺ። እሺ የኔ ልጅ፣ እነግራታለሁ» አለ። እጄን ዘረጋሁ፤ መስመሩ ግን ተቋርጦ ነበር።

ስልኩን ለእኔ መስጠት ረስቶ እንደያዘው ቀረ። «ያንቺ ልጅ ነበር» አለኝ። ጢሙ በእንባ ርሷል። «መልእክት ሰጥቶኛል። ‹መርከበኛ ሆኛለሁ፣ እማ› በሉልኝ አለ። እማ የምትለዋን እንዳልዘላት አደራ ብሎኛል።»

ስልኩ ሁሉ ጮኾ አልቋል፤ ደንቡ ተፈጽሟል። ሆኖም ካፖርቱን ያነሳ ሰው የለም፤ ሁሉም እኔን ነው የሚያየው። ንዴቴ አልበረደም ነበር፤ ከጎኔ ያለውን ወንበር በእግሬ ሳብኩለት።

«ቁጭ በል» አልኩት። «ድገመው።»